ከአሥር ቤት የተዋጣ በገና

ይድረስ ለእማዬ፤

በጥቅምት ውርጭ ተለየሽን፤ ይኸው ግንቦት ገባ። ሰባት ወር ሙሉ በማለዳ ብርድ ልብሴን ገፎ «ተነሣ አንተ የጅብ እራት!» የሚለኝ ሰው ሳይኖር እንዴት እንደምነቃ ብታዪ ይገርምሻል፤ አልነቃም። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ይላሉ የበገና መምህራችን የኔታ፤ እኔም ሄጄ ስላላየሁት አልተከራከርኳቸውም። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ። ከስምንተኛ ክፍል የኮበለለ ሰው ደብዳቤ እንዲህ ነው። አንቺም ደግሞ «ጻፍ» እያልሽ ስትቆጪኝ እስክሪብቶውን እንጂ ልቡን አላስያዝሽኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራሽ። አባባ ደኅና ናቸው። ለብርድ የሚለበስ የሱፍ ዝተት መሸመናቸውን አልተዉም፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ሲታዘዙ ግን እጃቸው እንቢ ይላቸውና ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርገው ያወጡታል። ደንበኛም አይቆጣ፣ እሳቸውም አያርሙ። ክረምት ሳይገባ የምሥራቁን በኩል ቆርቆሮ ቀየርን። ድመትሽ ኮበለለች። አልፈርድባትም፤ የበግ አንጀት የማይገባበት ቤት ምን ልትሠራ ትቀመጥ? ጋሽ ደምሰው ሥጋ ቤት ገብታ መንገድ ላይ ሳገኛት እንደማታውቀኝ ፊቷን ታዞር ጀመር። እኔም እንደ ቀልድ አልፌው ነበር። መሄዷ ምን እንዳመጣብን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን አንድ ጥያቄ እንደ ቁንጫ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። በጥር ወር ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሁለት አስተማሪዎች ዘመሮ መጥተው ነበር። በገና የሚደረድሩ ወጣቶች ፍለጋ አገር ላገር እየዞሩ ነው ተባለ። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተቀምጠው የኔታ ያስተማሯቸውን ልጆች አንድ በአንድ አዳመጡ። ሲወጡ መነጽር ያደረጉት ሰውዬ በር ላይ እኔን አገኙና «ከዚህች ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ደርዳሪ ምን አበቀለው?» አሉኝ። ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን! «ብርዱ ነው ጌታዬ» አልኳቸው። «እዚህ አገር ሰው እጁን ከጋቢው የሚያወጣው ለምግብና ለበገና ብቻ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።» ከልባቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

መኪናቸው አቧራውን አቡንኖ ከሄደ በኋላ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነት ምንድን ነው? ብርድ ቢሆን ኖሮ የጓሳ ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮ ሁሉ በገና በደረደረ ነበር። ብርድ ጎረቤታችን ራቤል ከተማም አለ። ጾሙም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የትም አለ። በኛ ከተማ ግን ልብስ ሰፊዋ፣ ሾፌሩ፣ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ግድግዳው ላይ በገና ሰቅሏል። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ለእነዚህ ሁሉ በገናዎች ከበግ አንጀት አውታር ስታከርሪ ኖረሽ፣ እኔ አንድ ቀን «ለምን?» ብዬ ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ያንገበግበኛል። ሌላውን ሁሉ እኮ ጠይቄሻለሁ። በቅሎ ለምን እንደማትወልድ ብቻ ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?

አስተማሪዎቹ የአንድ ሰው ስም ብቻ ጽፈው ሄዱ፤ የትርንጎን። ግድግዳ የምንጋራት የጎረቤታችን ልጅ፣ «በገና አዝለሽ ስትሄጂ የትኛችሁ የትኛችሁን እንዳዘለ አይለይም» እያልኩ የማበሽቃት ቀጭኗ ትርንጎ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ስትደረድር እኔም አፌን እዘጋለሁ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ ከደብረ ዘይት በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ የራሷን በገና ይዛ አዲስ አበባ እንድትፈተን ተቀጠረች። ካለፈች ትምህርቱን ትገባለች። ካላለፈች ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለች አክስቷ ፋብሪካ ልታስገባት ቦታ ይዛላታለች፤ በገናው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

አሁን ኃጢአቴን ልንገርሽ። ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያንቺ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል።

የቅበላን ዕለት ታውቂዋለሽ። ዘመሮ በሙሉ በግ ያርዳል፤ ቆዳው ለባለቤቱ፣ ቀጭኑ አንጀት ላንቺ። ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም፤ ሰው ግን በየሳፋው እያደረገ ደጃፋችን ያደርሰዋል። የበገና ወራቱ ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ በግ አይታረድም። ስለዚህ የሁለት ወሩ አውታር በዚያች በአንድ ቀን ካልተያዘ የለም። «እግዜር ይህን ያደረገው እኔን ሊፈትነኝ ነው» ትይ ነበር። ጣቶችሽ ደንዝዘው እስኪቀሩ በምንጭ ውሃ ታጥቢዋለሽ፣ ስቡን በሸንበቆ ትፍቂዋለሽ፣ ታከርሪዋለሽ፣ ጓሮ ባሉት ሁለት ግንዶች መካከል ትወጥሪዋለሽ። እኔ ያን ሰሞን ጓሳ እሸሻለሁ። ሣር ላጭድ ነው እላለሁ። ሣሩ ተከልክሎ ማጭድ ይዞ መውጣት በማይቻልበት ዓመት እንኳ ሣር ላጭድ ነው ብዬ ስወጣ፣ እያወቅሽ ስቀሽ ትተሽኛል።

ዘንድሮ አንቺ የለሽም፤ ሰው ግን እግሩ ለምዶ ሳፋውን ይዞ መጣ። በር ላይ ቆምኩ። እጄን እንደ ሰባኪ ዘረጋሁና «ምእመናን ሆይ! እማዬ መላእክት ዘንድ ናት፤ እነሱ የማይበጠስ አውታር አላቸው። አንጀቱን ለውሻ ስጡት፤ ውሻም ቅበላ አለው!» አልኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። ወሬው ከደጅ ደጅ ዞረ፤ ከኋላ የሚመጡት ገና ሳይደርሱ እየሳቁ ተመለሱ። የዘመሮ ውሾች ያን ሳምንት እንደ ባላባት ተንጎማለሉ። በሕይወቴ ቀልድ እንዲህ ተሳክቶልኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገርሽ? የመጀመሪያው ሳፋ ሲቀርብ ሽታው መጣ። ያ ሽታ አንቺ ነሽ። ሰዎቹ ቶሎ እንዲሄዱልኝ አፌ ላይ ያገኘሁት ነገር ቀልድ ብቻ ነበር።

ፈተናው ሰባት ቀን ሲቀረው አይጥ የትርንጎን በገና ጎበኘችው። ድመትሽ ቤታችን ሳለች የሁለታችንንም ግድግዳ ትጠብቅ ኖሯል። ትርንጎ ማለዳ ተነሥታ ብታይ አሥሩም አውታር ተበልቷል፤ መቃኛው ላይ ቁራጭ ቁራጩ ብቻ ተንጠልጥሏል። አይጥ ምን ጾም ታውቃለች! ትርንጎ በገናውን እንደታቀፈች ደጃፋችን መጣች። «አይጦቹም ሊፈተኑ አስበው ይሆናላ» አልኳት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። በራችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጨው እንደሚበደር ሰው «እትዬ አስካለ ካስቀመጡት አውታር ስጠኝ» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። በቅበላ ሰው ሁሉ እንዲያ የሳቀልኝ እቤታችን ያንቺ መጠባበቂያ አለ ብሎ ነው። አንቺ የመጨረሻውን በመስከረም ለሰንበት ተማሪዎቹ እንዳከፋፈልሽው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም ቤቱን ገለበጥኩት። ሁለት ክንድ የማይሞላ ቁራጭ አገኘሁ። የውሻውን ነገር ለትርንጎ የነገርኳት ያን ቁራጭ እጄ ላይ ይዤ ነው። ብዙ አየችኝና «አንተ መቼ ነው የምታድገው?» ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጀመሪያ ከሱቅ ወፍራም የናይለን ክር ገዝቼ እኔው ወጠርኩላት። የኔታ አንዴ ነካ አድርገውት ጆሯቸውን ያዙ። «ይኼ በገና አይደለም፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ናት» አሉ። ከተማ ያሉት በናይለን ይደረድሩ የለም ወይ ብላቸው «የነሱ በገና ለሱ ተብሎ ተቀርጿል። የዚህ ሆዱ የተቦረቦረው ለአንጀት ነው፤ አንጀት ይፈልጋል» አሉኝ። ቀጥዬ አንድ በግ በስውር ይታረድ አልኩ። ይህን ስል መቋሚያቸው የት ላይ እንዳረፈ አልነግርሽም። ደግሞስ ቢታረድ፣ አንጀት ታጥቦ፣ ከርሮ፣ ደርቆ በዚያች አጭር ጊዜ የት ይደርሳል?

በመጨረሻ ብልጠት መጣልኝ። በጣት ሲደረደር የሚመታው ስድስቱ አውታር ብቻ መሆኑን ስንት ዓመት አይቻለሁ። የቀሩት አራቱ ሥራ ፈት ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። «ስድስት እንፈልግላትና ትሂድ» አልኩ። የኔታም ቀስ ብለው «አንተ ስትቀመጥ በርጩማ ትፈልጋለህ ወይስ አየር ላይ ትቀመጣለህ?» አሉኝ። ለካ አራቱ፣ ጣት መትቶ የሚያርፍባቸው ናቸው። ጣት ማረፊያ ካጣ ይደናበራል፤ ዜማውንም ይዞት ይወድቃል። አየሽ፣ ያንቺን ያህል አውታር ሠሪ ወልዳኝ ይህን አላውቅም ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ብልጭ አለልኝ። በዘመሮ ግድግዳዎች ላይ የተሰቀሉት በገናዎች ከአሥር ይበልጣሉ፤ የሁሉም አውታር ያንቺ እጅ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አውታር፣ አንድ አንድ በርጩማ ብንለምንስ?

የኔታ መቋሚያቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ከዚያ «አንጀቱን ለውሻ ያስበላህ አንተ ነህ፤ ደጁን የምታንኳኳውም አንተው ነህ። እኔ አልከተልህም» አሉኝ።

እማዬ፣ ቀልደኛ ሰው አንድ ቀን እውነት ይዞ ሲመጣ የሚደርስበትን መከራ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄድኩ። በሁዳዴ ሥጋ ቤታቸው ስለሚዘጋ ሁለት ወር ሥራቸው በገና ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ታቅፈውታል። ድመትሽ እግራቸው ሥር ተኝታለች። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከኋላዬ የሚስቅ ሰው ተደብቆ እንደሆነ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «አምና ሱቄ በር ላይ ‹የጾም ሥጋ ደርሷል› ብለህ የለጠፍክብኝ አንተ አይደለህ?» አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «የቄስ ገበዙን አህያ ደጄ አስረህ ሰው ያስከሰስክብኝስ?» እሱም እኔ ነኝ አልኳቸው። በገብርኤል አስማሉኝ። ከማልኩ በኋላም ትርንጎን ልከው አስጠሯትና ባዶውን በገና በዓይናቸው አዩት።

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። መቃኛውን እያላሉ «ይህን እናትህ ስታከርርልኝ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ?» አሉኝ። «ሥጋ ቤቴ መጥታ ግማሽ ቀን አስወራችኝ። ስለ በግ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ሞተችብኝ በቅሎ። ኋላ ቸኮልኩና ‹አስካለ፣ አውታሩሳ?› ብላት ‹ድምፅዎን ልስማው እንጂ ጋሼ! ለማን እንደማከርር ሳላውቅ ምን ላክርር?› አለችኝ።»

እኔ እኮ አንቺን ወሬ ወዳድ ናት እያልኩ ለሰው ስሙልኝ ስል ነው የኖርኩት! ደጃፍ ላይ ያን ሁሉ ሰው አቁመሽ ስታስለፈልፊ «እማዬ ጆሮሽን ኪራይ አስከፍይበት» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ዝም ብለሽ ሳቅሽ። እስቲ አሁን «እየሰማሁ ነው» ብትይኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ በየገባሁበት ቤት፣ አውታሩን ከመለመኔ በፊት ስላንቺ እጠይቅ ጀመር። ልብስ ሰፊዋን መዝሙር አስዘምረሻታል፤ ጉንፋን ይዟት ስለነበር «ሲለቅሽ ነይ» ብለሽ መልሰሻታል። ሾፌሩ ጌታነህ ደግሞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «የመኪናዬ ፍሬን እንቢ ብሎኝ ስሳደብ ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝና ‹በቃኝ፣ ያንተ ወፈር ማለት አለበት› ብላኝ ሄደች።» በሳቅ ፈነዳሁ። አውታሩን ሲፈታልኝ እውነትም እንደ ገመድ ነበር።

እየዞርኩ ሳለሁ ዘመሮን እንደ እንግዳ አየኋት። ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት፤ ግን ለካ አላየኋትም። እማሆይ በላይነሽ በገና ነክተው አያውቁም፤ ሆኖም በግድግዳቸው በኩል የሚለማመድ ልጅ ከሰሙ «ሦስተኛዋ ወርዳለች፣ አጥብቃት!» ይላሉ ከውስጥ ሆነው። ልጁም አይቆጣም፤ ያጠብቃል። ቅዳሜ ገበያ ሱፍ የሚፈትሉት ሴቶች በገና ያዘለ ልጅ ሲያልፍ «ና እስቲ አንድ ጊዜ» ብለው ያስቀምጡታል። ከወደዱት እንዝርታቸው ይቆማል። ካልወደዱት መፍተላቸውን ይቀጥላሉ። ማንም ምንም አይናገረውም፤ ልጁ በእንዝርቱ ያውቃል። ትርንጎ በሰባት ዓመቷ እንዝርት ለማስቆም ሦስት ቅዳሜ እንደፈጀባት ነገረችኝ። በአራተኛው ቆመላት፤ አሮጊቶቹ ግን ፊታቸውን እንኳ አላዞሩላትም።

መነጽር ላደረጉት ሰውዬ መልሱ ይህ ይሆን? የሚደረድረው ከፊሉ ነው፤ ጆሮውን የሚሰጠው ግን ከተማው በሙሉ ነው። ወይስ ሥጋ ቤት ሁለት ወር መዘጋቱ ነው? ወይስ አንቺ ነሽ? እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ያለመሆን እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ይህን ዓይነት ጥያቄ ቢያቀርቡልኝ ኖሮ አልኮበልልም ነበር መሰለኝ። ውሸቴን ነው፤ እኮበልል ነበር።

ዘጠኝ ቤት ሰጠ። የቀሩት በገናዎች አጫጭር ናቸው፤ አውታራቸው ለትርንጎ አይደርስም። የሚደርሰው የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የይታገሱ። ይታገሱ ከትርንጎ ጋር በአንድ ቀን የኔታ ዘንድ የገባው፣ እኩል የተማረው፣ በጥር ግን ስሙ ያልተጻፈው ልጅ ነው። ቤቱ ስገባ እየደረደረ ነበር። ነገሩን አስረዳሁት። ጣቱን ከአውታሩ ሳያነሣ «ለሷ ሰጥቼ እኔ ምን ልሆን? የኔ ጣት አያርፍም?» አለኝ። ቀልድ ፈለግሁ፣ ምክር ፈለግሁ፣ ልመናም ፈለግሁ። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። «ልክ ነህ» ብዬው ወጣሁ።

ደብረ ዘይት ደረሰ፤ በማግስቱ ትርንጎ ትሳፈራለች። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ በዘጠኝ አውታር ሲቃኙላት ዙሪያውን ከበን ተቀምጠናል። ጣቷ ባዶው ቦታ ሲደርስ ይወድቃል፤ ትመለሳለች፤ ደግሞ ይወድቃል። የኔታ «እንደገና» ይላሉ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ይታገሱ ያን ጊዜ ገባ። አውታሩን አራት ጣቱ ላይ ጠምጥሞታል። ለሰው ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ለትርንጎ ዘረጋላትና «ይቺ ብርድ ሲነካት ትወርዳለች። ከመግባትሽ በፊት በትንፋሽሽ አሙቂያት» ብሏት ወጣ። እኔ ተከትዬው ልወጣ ስል የኔታ በመቋሚያቸው አስቀመጡኝ። ትክክል ነበሩ። እኔ ብከተለው ኖሮ ልቀልድበት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አባባ ሥራ አልሠሩም። እኔም እንዲሁ፤ የኔ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ደወለች። ደርድራ ስትጨርስ መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ቀርበው በገናውን አዩና «አውታሮችሽ ለምን ቀለማቸው አንድ አይደለም?» ብለው ጠየቋት። አሥሩን ቤት በስም እየጠራች ነገረቻቸው። ይኼ የጋሽ ደምሰው ነው፣ ይኼ የልብስ ሰፊዋ ነው፣ ይቺ የይታገሱ ናት አለች። «ያከረሩትስ እነማን ናቸው?» ቢሏት «አንዲት ሴት ናት፤ አርፋለች» አለቻቸው። ሰውዬው ጣታቸውን በአሥሩም ላይ አንድ ጊዜ አሳልፈው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው፤ ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ገብቶብኝ ነበር።

ውጤቱ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀር ተነገረን። አልፋለች። በመስከረም ትሄዳለች። እናቷ እልል ስትል እማሆይ በላይነሽ ከግድግዳው ጀርባ «ስቅለት ሳይወጣ እልልታ?» ብለው ተቆጡ፤ ቀጥሎ ግን የማንን እልልታ እንደሰማሁ አልነግርሽም፤ ንስሐ ገብተውበታል።

የፋሲካ ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ሳፋ በሳፋ ሆኗል። አንድም ሰው አላንኳኳም፤ አንድም ሰው ቆሞ አልጠበቀኝም። ቀልድ እንዳልጀምር ይመስለኛል። አንጀቱ ገና ትኩስ ነበር። ሽታው ያው ነው። እጅጌዬን ጠቅልዬ ወደ ምንጩ ተሸከምኩት። እንዴት ችለሽው ኖርሽ እማዬ? ውሃው አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያውን ስፍቅ በጠስኩት፣ ሁለተኛውን በጠስኩት፣ ሦስተኛው ሳይበጠስ ከርሮ ደረቀና ለየኔታ ወሰድኩላቸው። ነክተው ሰሙና «ይህ በግ ገና አልሞተም፤ ይጮኻል» አሉ። ሰባተኛውን ግን ደግመው ነኩት። ይዘውት ገቡ።

መጀመሪያ የተካሁት የይታገሱን ነው። እንዳንቺ አስቀመጥኩትና «አውራ» አልኩት። «ምን ላውራ?» አለኝ። ስለ ትርንጎ አውራልኝ አልኩት። ድምፁ ወዲያው ቀጠነ፤ ቀጭን አከረርኩለት። ምን ላድርግ፣ ሥራው ነው።

አሁን አንድ ነገር ይቀረኛል። በኛ ግድግዳ ላይ በገና የለም። ለከተማው ሁሉ አውታር ስታከርሪ አንቺ አንድ ቀን ታቅፈሽ አላየሁሽም። ፈልገሽ ነበር? አባባን ጠየቅኋቸው። የሚሠሩትን ትተው «ጠይቄያት አላውቅም» አሉኝ። እንግዲህ መልሱን እኛ አናገኘውም። አውታር ግን ላክርርልሽ ጀምሬያለሁ፤ በጓሮው ግንዶች መካከል አንዱ ተወጥሯል። ለሰው ለማክረር ደግሞ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ያንቺን እፈልጋለሁ። ጸሎትሽን ስፈልግ አይመጣም። ሳቅሽን ስፈልግ ይመጣና ይሸሻል። ሁልጊዜ ጥርት ብሎ የሚመጣልኝ አንድ ነው፤ ለመሸሽ ስዘጋጅ ይዘሽኝ የአውታሩን ጫፍ እጄ ላይ እየጠመጠምሽ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ እንዳትለቅ!» ያልሽኝ። በዚያ ድምፅ ነው የምቃኘው። ዝናብ ሲመጣ ይላላል፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አጠብቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ ድምፅሽ የሚጠፋው እኔ ይህን አውታር አክርሬ የጨረስኩ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው የማልቸኩለው።

ይዣለሁ እማዬ። አልለቀቅሁም።

ልጅሽ ታዴ
ከዘመሮ